አልቅሰሽ ነው?

ዛሬ ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ የግራ አይኔን ቆብ በጣቴ ጫፍ ሳብ አድርጌ እያየሁት ነበር። አይቀላም፣ አላበጠም፣ ዳር ላይ ትንሽ ሻካራ ነገር ቀረ እንጂ ድኗል ማለት ይቻላል። ሰው ሲድን ደስ ይለዋል አይደል፣ እኔ ግን ምን እንደነካኝ እንጃ ሆዴ ባባ።

እንዴት እንደነበርኩ ታውቃላችሁ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ስነሳ አይኔ በግድ ነበር የሚከፈተው፣ ቆቡ አብጦ ሽፋሽፍቴን ወደ ታች ተጭኖት፣ ቀን ላይ እብጠቱ ጎደል ይልና ማሳከኩ ይጀምራል፣ ከዛ ደሞ ሽፍታው ይደርቅና ይፋቃል፣ ፊቴን ስታጠብ ውሃው ራሱ ያቃጥለኛል። በዛ ላይ ያየኝ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ነው ያለው፣ አልቅሰሽ ነው? አይ አላለቀስኩም፣ አይኔን አሞኝ ነው። ማታ ላይ መልሱ ራሱ ይደክመኛል።

ያልሞከርኩት የለም፣ ኩሉን ተውኩ ማስካራውን ጣልኩ የፊት ክሬሜን ቀየርኩ፣ ተፈጥሯዊ ነው ምንም አያደርግሽም የተባልኩትን ቅባት ቀባሁና ጭራሽ ባሰብኝ። ከዛ ቤት የተቀመጠ የስቴሮይድ ክሬም አገኘሁ። ሁለት ቀን ሳይሞላ ጥርት አደረገልኝ፣ ስተወው ግን ከበፊቱ ብሶ መጣ፣ መልሼ ቀባሁ፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሳምንታት ሄዱ። ይሄን ስነግራት ነው የቆዳ ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ቀና ያለችው። የአይን ቆብ ቆዳ ከሰውነታችን ሁሉ ስሱ ነው፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ የተቀባው ነገር ቶሎ ዘልቆ ይገባል፣ ጠንከር ያለ ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ እዛ ቦታ ሲቀባ ቆዳውን የበለጠ ያሳሳዋል፣ የአይን ግፊት ጨምሮ ግላኮማ የሚባለውን የአይን ነርቭ የሚጎዳ በሽታ ሊያመጣ ይችላል፣ የአይን ሞራም እንደዛው። እባካችሁ መሳቢያችሁ ውስጥ ያለችውን ክሬም ሐኪም ሳያዛችሁ አይናችሁ ላይ አታድርጉ፣ ይሄን ከልቤ ነው የምለው።

ከዛ እጄን ያዘችና ወደ መብራቱ አዙራ ጥፍሬን ማየት ጀመረች። የመጣሁት ለአይኔ ነው እሷ አውራ ጣቴን እያገላበጠች ነው። የጥፍር ጄል መቼ ጀመርሽ አለችኝ። ሦስት ወር ቢሆነኝ ነው አልኳት። ጄሉ ውስጥ አክሪሌት የሚባል ነገር አለ፣ በደንብ ሳይደርቅ የቀረው እጅ ላይ ይቀራል፣ የጣት ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ብዙ ጊዜ ምንም ላያሳይ ይችላል፣ ያ እጅ ግን ሄዶ አይን ሲያሽ ቆቡ አይችለውም። ተራው የጥፍር ቀለምም፣ ሻምፖም፣ የፀጉር ቀለምም፣ ሽቶም፣ ሽፋሽፍት ማጠፊያው ላይ ያለው ኒኬልም፣ አንዳንዴ የአይን ጠብታው ራሱ ሊሆን ይችላል። ያደናገረኝ ደሞ አለርጂው ወዲያው አለመውጣቱ ነው፣ ከነካሽ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ነው ብቅ የሚለው፣ ስለዚህ ሰኞ የነካሽ ነገር ረቡዕ ሲያሳብጥሽ ረቡዕ የተቀባሽውን ነው የምትጠረጥሪው።

የትኛው እንደሆነ ለመለየት የሚጠረጠሩት ነገሮች ያሉባቸው ትንንሽ ፕላስተሮች ጀርባዬ ላይ ደርድረው ለጠፉልኝ፣ 48 ሰዓት ጀርባዬን ውሃ ሳላስነካ ቆየሁ፣ ተነስቶ ታየ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ደሞ ተመልሼ ታየሁ። የአክሪሌቱ ቦታ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ቀይ እብጠት ወጥታለች። ፎቶ አንስተው ሲያሳዩኝ ትንፋሼ ነው የተመለሰው። ጄሉን አስነሳሁ፣ ፊቴ ላይ ከለብ ያለ ውሃና ከቫዝሊን በቀር ምንም አላስነካም፣ ሲያሳክከኝ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ አደርጋለሁ፣ ስቴሮይድ ያልሆነ ቅባት ደሞ አዛልኝ ነበር፣ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ።

ግን ያን ቀን አንድ ያለችኝ ነገር አለ፣ ያኔ ጆሮዬ ላይ አልፎ የሄደ፣ ዛሬ መስታወቱ ፊት ነው ተመልሶ የመጣው። ከምርመራው በፊት ብዙ ጠየቀችኝ፣ ሽፋሽፍትሽ ስር ቅርፊት ነገር አለው ወይ፣ ትኩሳት አለሽ ወይ፣ አይንሽን ስታንቀሳቅሺ ያምሻል ወይ፣ እይታሽ ደበዘዘ ወይ፣ ትኩሳቱ፣ ህመሙ ወይ የእይታ መደብዘዙ ካለ ለነገ አይባልም በዛው ቀን ነው መታየት ያለበት አለችኝ። ከዛ ያንቺ ያሳክካል ይቀላል፣ ሳያሳክክ ሳይቀላ ጠዋት ጠዋት ሁለቱም ቆብ ዝም ብሎ የሚያብጥ ቢሆን ኖሮ የሽንት ምርመራ ነበር የምልክሽ፣ ኩላሊት ፕሮቲን ሲያፈስ እንደዛ ያደርጋል፣ ታይሮይድ የሚባለው የአንገት እጢ ሲታመምም አንዳንዴ ፊት ያሳብጣል አለችኝ።

ሳያሳክክ፣ ሳይቀላ፣ ጠዋት ጠዋት።

የእማ አይን እንደዛ ነበር። ልጅ ሆኜ ከሁላችን በፊት ተነስታ የፎጣ ጫፍ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራ አንዱን አይኗን ከዛ ሌላኛውን ጫን ጫን ስታደርግ በበር ክፍተት አያታለሁ። ቆቧ የለሰለሰና የገረጣ ነበር፣ ውሃ የያዘ ይመስላል። አልቅሰሽ ነው እማ እላታለሁ። እንቅልፍ ነው ልጄ፣ ሂጂ ልበሺ ትለኛለች። አላመንኳትም። ማታ ማታ እንደምታለቅስ፣ የሚያስለቅሳት ደሞ ምን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፣ ያንን ይዤ ነው ያደግኩት፣ እሷ ከሄደች በኋላም ይዤው ኖርኩ። አንድም ሰው፣ እኔን ጨምሮ፣ ሐኪም ጋ እንሂድ ብሏት አያውቅም። ያለቀሰን ሰው ማን ሐኪም ቤት ይወስዳል።

እና አሁን እዚህ ቁጭ ብዬ ማሰብ አቃተኝ። ያን ሁሉ ዓመት እያለቀሰች ቢሆን ነው የሚሻለኝ ወይስ እውነቷን ኖሮ እኛ ሳናይላት የቀረ በሽታ ቢሆን?