ታይናን፣ ባህሩ የሸሸባት ከተማ

ትናንት ማታ ከታይናን፣ ከታይዋን ደቡብ፣ ተመለስኩ፣ እግሬ አሁንም ያመኛል ግን ሳይበርድብኝ ልጻፈው ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ታይፔ መኖር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ እስካሁን ግን ወደ ደቡብ ወርጄ አላውቅም፣ ሁሌ ላቦራቶሪ፣ ሁሌ ሪፖርት፣ ሁሌ ዝናብ። የላቦራቶሪ ጓደኛዬ የታይናን ልጅ ናት፣ ስለ ከተማዋ ስታወራ ፊቷ ሁሉ ይበራል፣ «ታይፔ እኮ ትናንት የመጣች ናት» ትለኛለች። እውነቷን ነው ደሞ። ታይናን ከ200 ዓመት በላይ የደሴቷ ዋና ከተማ ነበረች። ታይዋኖች «አንድ ፉ፣ ሁለት ሉ፣ ሦስት ሞንጋ» የሚሉት የድሮ አባባል አላቸው፣ ከተሞቹን በደረጃ ሲጠሩ ነው፣ ፉ ማለት ታይናን፣ ሉ ማለት ሉካንግ፣ ሞንጋ ደግሞ ታይፔ ውስጥ ያለው አሮጌው ወደብ ነው። ታይፔ ሦስተኛ!

አርብ ማታ ደረስን። በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም ግን የሚያወርደው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፣ ስለዚህ መደበኛውን ያዝን፣ ከ3 ሰዓት በላይ ቢፈጅም መሀል ከተማ ነው የሚያደርሰው። የጓደኛዬ አያት በር ላይ ቆመው ሲጠብቁን አገኘናቸው። አማ ትላቸዋለች፣ በታይዋንኛ አያት ማለት ነው፣ እኔም አማ አልኳቸው። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «ጂያፓ ቡዌ?» አሉኝ፣ በልተሻል ወይ ማለት ነው፣ እዚህ አገር ሰላምታ ነው። እኔ ግን አያቴ ትዝ አለችኝና ለመመለስ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

ቅዳሜ ንጋት 11 ሰዓት ላይ አማ ቀሰቀሱን። የታይናን ቁርስ የበሬ ሾርባ ነው። ከብቱ ሌሊት ይታረዳል፣ ሥጋው ሳይቀዘቅዝ ንጋት ላይ ምግብ ቤቶቹ ይደርሳል፣ ስስ ስስ ተደርጎ ይቆረጥና ጥሬውን ሳህን ላይ አድርገው የፈላ መረቅ ያፈሱበታል፣ በቃ። ሲቀርብ መሀሉ ገና ቀይ ነው። አማ እኔ የምፈራ መስሏቸው እያዩኝ ነበር፣ ጓደኛዬ እኛ አገር ጥሬ ሥጋ በድግስ እንደሚበላ ስትነግራቸው ተደሰቱና ሁለተኛ ሳህን አዘዙልኝ። መረቁ ትንሽ ይጣፍጣል፣ የስኳር ጣፋጭ ማለቴ ነው። ታይናን ሁሉ ነገር ላይ ስኳር አለ፣ ሆላንዶች እዚህ ከነበሩበት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሸንኮራ አገር ስለሆነ ነው ይላሉ።

ከዛ ቺካን ሄድን። አሁን የሚታየው ጣሪያው የተቆለመመ የቻይና አሠራር ሁለት ሰገነት ነው፣ ከስሩ ግን ያለው ቀይ ጡብ የሆላንዶች ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1653 የሠሩት ፕሮቪንሺያ የሚባል ምሽግ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የ1862ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ምሽጉን አፈረሰው፣ ከዛ በኋላ የመጡት ደግሞ ፍርስራሹን ሳይጠርጉ እላዩ ላይ ሠሩበት። ፊት ለፊቱ 9 የድንጋይ ኤሊዎች ተደርድረዋል፣ እያንዳንዳቸው ጀርባቸው ላይ ትልልቅ የጽሑፍ ድንጋይ ተሸክመዋል፣ የቻይናው የቺንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ቺያንሎንግ በ1788 አመፅ ያረገበበትን ድል ያስጻፈበት ነው፣ በቻይንኛና በማንቹ። ከቻይና ሲጫኑ ኤሊዎቹ 10 ነበሩ አሉ፣ አንዱ ሲራገፍ ውሃ ውስጥ ገባ፣ ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ ተገኘ፣ አሁን ሌላ ቤተመቅደስ ውስጥ ሆኖ ሰው እጣን እያጨሰ ይለምነዋል።

እኔን የያዘኝ ግን ውሃ ውስጥ የሚለው ነገር ነው። የቱ ውሃ? ዙሪያዬን ሳይ ስኩተር፣ የሻይ ሱቅ፣ የትራፊክ መብራት ብቻ። ጓደኛዬ መንገዱን በእጇ አሳየችኝና «እዚህ ድረስ እኮ ባህር ነበር» አለችኝ። ለካ ቺካን ባህር ዳር ነው የተሠራው። ከፊቱ ሐይቅ የመሰለ የተከለለ ባህር ነበር፣ ታይጂያንግ ይባላል፣ ከሱ ማዶ ደግሞ የአሸዋ ደሴቶች፣ ዋናው የሆላንድ ምሽግ ዜላንዲያ ያለው እዛ ማዶ ነው። ከአንዱ ምሽግ ወደ ሌላው በጀልባ ነበር የሚሻገሩት። ወንዞቹ ደለል እያመጡ ሞሉት፣ በ1823 ከባድ ማዕበል መጣና የቀረውን በአንድ ጊዜ ደፈነው። ነጋዴዎቹ ባህሩን ላለማጣት አምስት ቦይ ቆፍረው ነበር፣ ሸንኖንግ የሚባለው ጠባብ መንገድ፣ አሁን ሁሉም ፎቶ የሚነሳበት፣ በዛ ዘመን እቃ በጀልባ ይወርድበት የነበረ ሰፈር ነው።

ይሄን ከሰማሁ በኋላ አውቶቡስ አልያዝም አልኩ። ከቺካን እስከ አንፒንግ፣ ዜላንዲያ ወዳለበት ሰፈር፣ 4 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ሙቀቱ አይጣል ነው፣ ጓደኛዬ ሦስት ጊዜ ታክሲ እንያዝ ብላኛለች፣ እኔ ግን በባህር ላይ እየሄድኩ ስለነበር መቆም አልፈለኩም። በየመንገዱ አሰብኩት፣ እዚህ ጋ መርከብ ቆሞ ነበር፣ እዚህ ጋ ዓሣ ነበር። በሚያዝያ 1661 ኮክሲንጋ የሚባለው የቻይና ጦር መሪ 25,000 ገደማ ሰው ይዞ የገባው በዚሁ ውሃ ነው፣ ሆላንዶቹ ጥልቀት የለውም ብለው በናቁት መግቢያ፣ ውሃው ከፍ የሚልበትን ሰዓት ጠብቆ። ቺካን በቀናት ውስጥ እጁን ሰጠ፣ ዜላንዲያ ግን 9 ወር ተከቦ ቆየና የካቲት 1 ቀን 1662 ተረከበው። የሆላንዶች የ38 ዓመት ቆይታ በዚሁ አበቃ። ኮክሲንጋ ራሱ 5 ወር ሳይሞላው ሞተ፣ ገና 37 ዓመቱ ነበር።

አንፒንግ ስትደርስ ሁሉም ሰው ነጩ ማማ ጋ ነው የሚሰለፈው፣ ማማው ግን በኋላ የተሠራ ነው። እውነተኛው የሆላንድ ግንብ ከታች በኩል ያለው የተሰነጣጠቀ ቀይ ግድግዳ ነው፣ የኛ ዋርካ ዘመድ የሆነ ዛፍ ሥሩን እንደ ጣት ዘርግቶ ይዞታል። ሲሚንቶ ስላልነበረ ጡቡን ያያያዙት በስኳር ሽሮፕ፣ በሚያጣብቅ ሩዝና በተፈጨ የኦይስተር ዛጎል ነው። እጄን አስደግፌበት ብዙ ቆየሁ። 400 ዓመት ሊሞላው የደረሰ ሩዝና ስኳር!

እዛው ግድግዳው ስር ተቀምጠን ጓደኛዬ ስለ ሲራያዎች ነገረችኝ፣ ከሁሉም በፊት እዚህ የነበሩት እነሱ ናቸው። ታይዋን የሚለው ስም ራሱ ታዮዋን ከሚለው የዚህ ቦታ ስም ነው የመጣው። የሆላንድ ሚሲዮናውያን ቋንቋቸውን በላቲን ፊደል መጻፍ አስተማሯቸው፣ የማቴዎስ ወንጌልንም ተረጎሙ። ሆላንዶቹ ተባረው ከሄዱ በኋላ ሲራያዎቹ መጻፉን አልተውትም፣ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ የመሬት ውላቸውን በዛው ፊደል ይጽፉ ነበር፣ ከ150 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ቋንቋው በኋላ ከሰው አፍ ጠፋ፣ አሁን የልጅ ልጆቻቸው መልሰው ሊያስነሱት እየሞከሩ ነው፣ ከሚማሩበት አንዱ ያው የድሮ የማቴዎስ ወንጌል ነው። ይሄን ስሰማ ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር ያዘኝ። አንድ ሕዝብ የጻፈው ውል፣ ይሄ መሬት የኔ ነው ያለበት ወረቀት፣ ከቋንቋው በላይ ዕድሜ አገኘ።

እሁድ ጠዋት የኮንፊሺየስ ቤተመቅደስ ሄድን። በ1665 ነው የተሠራው፣ በሩ ላይ «የመላ ታይዋን የመጀመሪያ ትምህርት ቤት» የሚል ተጽፏል፣ ግቢው ዛፍ ብቻ ነው፣ ሽማግሌዎች ጥላ ስር ተቀምጠው ያወራሉ። ከዛ የኮክሲንጋ መታሰቢያ። ሰውየው የተወለደው ጃፓን ነው፣ እናቱ ጃፓናዊት ናት፣ ስለዚህ ጃፓኖች ታይዋንን ሲይዙ ቦታውን አላፈረሱትም፣ በ1897 የራሳቸው የሺንቶ መቅደስ አደረጉት። የመጣው መንግሥት ሁሉ የኔ ነው ይለዋል።

ከሰዓት ላይ ሀያሺ የሚባለው የ1932 የጃፓን ዘመን ሱቅ ጣሪያ ላይ ወጣን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወደቀበት የቦምብ ጠባሳ እንዳለ ተትቷል፣ አጠገቡ ትንሽ መቅደስ አለ። ስንወርድ በጓሮ ያለች አንዲት ጠባብ ቡና ቤት ገባን፣ ሜኑው ላይ ይርጋጨፌ በቻይንኛ ፊደል ተጽፏል፣ የ-ጂያ-ሹዌ-ፌይ ብለው ነው የሚያነቡት። ልጁ ከየት እንደሆንኩ ሲሰማ ቡናውን ሲያፈላ እጁ እየተንቀጠቀጠ ነበር፣ እኔም ጣፋጭ ነው አልኩት፣ እውነትም ጣፋጭ ነበር።

ቅዳሜ መሽቶብን ባህሩን ሳናይ ስለቀረን ከባቡራችን በፊት ወሰደችኝ፣ በስኩተር፣ ከአንፒንግ አልፈን፣ ድልድይ ተሻግረን። ጥቁር አሸዋ ነው። ፀሐይዋ ልትገባ ስትል ቤተሰብ ሁሉ ልጅ ይዞ ወጥቷል፣ ጫማዬን አውልቄ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገባሁ፣ ውሃው ለብ ያለ ነው። ወደ ኋላ ዞሬ ቺካንን ፈለኩት፣ ሕንፃ ብቻ ነው የሚታየው። ጓደኛዬ ሰዓቷን እያየች ተጣራች፣ አማ ለመንገድ ብለው የቋጠሩልን የሩዝ ቂጣ ስኩተሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።