ውሃ ሲለቀቅ፦ በአዳማ ዙሪያ ማሳ ለማሳ ወፍ ፍለጋ

ወፍ ማየት የምንወድ የአዳማ ሰዎች ዓይናችን ብዙ ጊዜ ሩቅ ነው፤ ዝዋይ፣ አብያታ፣ ሐዋሳ። ፔሊካንና አባ ኮዳ ለማየት ደኅና መንገድ ነው። የእኔ ልብ ያለው ግን ቀጭን ምንቃር ይዘው ጭቃ ለጭቃ በሚሯሯጡት ደቃቅ ተሰዳጆች ላይ ነው። ለእነሱ ደግሞ የወንጂ ታክሲ ይበቃኛል። አገዳው መሃል፣ ከቆቃ ውሃ ዳር ባሉት የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳዎች፣ ክረምት ላይ ደግሞ ውሃ ባቆረ ጥቁር አፈር ሁሉ፣ ከሳይቤሪያና ከሰሜን አውሮፓ የመጡ ወፎች ይገኛሉ። ሐይቅ ላይ በቴሌስኮፕ እንኳ ነጥብ ሆነው የሚታዩት እዚህ ከመንገዱ ዳር በሃያና በሠላሳ ሜትር ርቀት ይመገባሉ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአዋሽ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካን ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ሥራ አስጀመረው፤ የቆቃ ግድብ ደግሞ ለመብራት ተብሎ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ። ሁለቱም ሲሠሩ ወፍ ያሰበ ሰው የነበረ አይመስለኝም። ሆኖም በጋው ገብቶ አገሩ ሁሉ አቧራ ሲሆን በቦይ ውሃ የሚጠጣ፣ ጭቃው የማይደርቅ ሰፊ መሬት ተፈጠረ። በጋችን ደግሞ የሰሜኑ ዓለም ክረምት ነው። ቀዳሚዎቹ ከሐምሌ መጨረሻ ጀምረው ብቅ ይላሉ፤ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይበዛሉ፤ አብዛኞቹ እስከ መጋቢትና ሚያዝያ እዚሁ ይከርማሉ።

ስጀምር የማደርገው እንደማንኛውም ሰው ነበር፤ ባይኖኩላሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወፍ ያለበትን መፈለግ። አንድ ጠዋት የተሞላ ማሳ በሳምንቱ ባዶ ይሆናል፤ ማዶ ያለው ደረቅ መሬት ደግሞ ድንገት ይጨናነቃል። ምስጢሩን ያወቅሁት ውሃ አጠጪዎቹን ማየት ስጀምር ነው። ውሃ በተራ ነው የሚደርሰው። ዛሬ የዚህ ማሳ ተራ ከሆነ ነገ የጎረቤቱ ነው፤ ወፎቹም ያንኑ ተራ ይዘው ይዞራሉ። ማሳው ውሃ ሲጠጣ አፈር ውስጥ ያሉት ትሎችና እጮች አየር አጥሯቸው ወደ ላይ ይወጣሉ። በመጀመሪያው ሰዓት የሚደርሱት ከብት ተከትለው የሚሄዱት ነጫጭ ሳቢሳዎችና ላፕዊንግ የሚባሉት፣ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ የሚኖሩት ወፎች ናቸው። ተሰዳጆቹ የሚወዱት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፤ ውሃው ሰርጎ ጭቃው ለስልሶ፣ እዚህም እዚያም ኩሬ ቢጤ ሲቀር። ስለዚህ ውሃ በተለቀቀ ማግስት ጠዋት መድረስ ከሁሉ ይበልጣል።

ጥልቀቱም ወሳኝ ነው። ሁለት ጣት የማይሞላ ውሃ ካለ ብዙ ነገር ይጠብቁ። ሊትል ስቲንት የምትባለው ክብደቷ 25 ግራም ገደማ የሆነች ሚጢጢ ከእርጥቡ ጭቃና ከውሃው ጠርዝ አትርቅም። ዉድ ሳንድፓይፐር ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ይገባል። ራፍና ጎድዊት የሚባሉት ተለቅ ያሉ ወፎች ከዚያ አልፈው ይሄዳሉ፤ ስቲልት በዚያ ቀይ ሸምበቆ እግሩ ሌሎቹ መቆም የማይችሉበት ድረስ ይዘልቃል። ውሃው ጉልበት የሚያህል ከሆነ ግን ዳክዬና ዝይ ካልፈለጉ በቀር ቦታውን ይለፉት። የቦይ መስኖ ውሃውን በትልሙ ስለሚያወርደው ማሳው መሃል ላይ ብዙ ጊዜ አይቆይም፤ የሚጠራቀመው ግርጌው ላይ ነው። እኔ አሁን ማሳ ስደርስ ዓይኔ ቀጥታ የሚሄደው ወደ ግርጌው ነው። አገዳው ካደገ ደግሞ ውስጡ ምን እንዳለ ስለማይታይ፣ የምፈልገው አገዳው ተቃጥሎ የተቆረጠበትንና እንደገና ውሃ የገባበትን፣ ወይም አዲስ ታርሶ የተተከለውን ነው።

መለየቱ ጀማሪን ተስፋ ያስቆርጣል፤ ሁሉም ቡናማ፣ ሁሉም ነጭ ሆድ። ከቀለም ይልቅ አካሄዳቸው ብዙ ረድቶኛል። ከቦዩ ጠርዝ ብቻዋን ሆና ጭራዋን ያለ ዕረፍት ከፍ ዝቅ የምታደርገዋ ኮመን ሳንድፓይፐር ናት፤ ደረቷና ክንፏ መሃል ነጭ ሽብልቅ ገብቶበታል፤ ስትነሳም ክንፏን ገትራ ውሃውን ታክካ ነው የምትበረው። ጀርባው ነጠብጣብ፣ እግሩ ቢጫ ቢጤ፣ ከዓይኑ በላይ ነጭ መስመር ያለው፣ በቡድን የሚመገበው ዉድ ሳንድፓይፐር ነው፤ አዳማ ዙሪያ በብዛት የማገኘው እሱን ነው። ግሪን ሳንድፓይፐር ይመስለዋል፣ ግን ጠቆር ያለ ብቸኛ ነው፤ ሲነሳ የክንፉ ሥር ጥቁር፣ ወገቡ እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ይታያል። በአገሩ የሚጥለው እንቁላል ዛፍ ላይ፣ ሌላ ወፍ ሠርቶ በተወው አሮጌ ጎጆ ውስጥ ነው። ጭቃ ላይ እግሩን የነከረ ወፍ ዛፍ ላይ ይፈለፈላል ቢሉኝ ዱሮ አላምንም ነበር።

ግሪንሻንክና ማርሽ ሳንድፓይፐር ሌላ ራስ ምታት ናቸው። ሁለቱም ግራጫ፣ ሁለቱም ባለ ረጅም እግር። ምንቃራቸውን ይዩ፦ የግሪንሻንክ ወፈር ብሎ ወደ ላይ ትንሽ ይቀናል፤ የማርሹ ቀጥ ያለና ቀጭን ነው። ግሪንሻንክ ሲደነግጥ ሦስት ጊዜ አስከትሎ ይጮኻል፤ አንዴ ጆሮ ከለመደው አይሳሳትም። ሁለቱን ስቲንቶች ለመለየት ደግሞ እግር ነው፤ የሊትል ጥቁር፣ የቴሚንክስ ነጣ ያለ ቢጫ። ችግሩ እግሩ ሁልጊዜ በጭቃ የተለቀለቀ መሆኑ ነው። ወደ ጥሩ ውሃ እስኪገባ መጠበቅ ነው እንግዲህ።

ራፍን ለብቻው ላንሳ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በእሱ ነው። ወንዱ ከሴቷ በጣም ስለሚበልጥ አንድ መንጋ ሁለት ዓይነት ወፍ ይመስላል። ትንሽ ራስ፣ ቦርጫም ሆድ፣ ጀርባው እንደ ቅርፊት የተደራረበ፣ ምንቃሩ አጠር ብሎ ወደ ታች ጎንበስ ያለ ከሆነ፣ መጠኑ ምንም ቢሆን ራፍ ነው ብዬ እጽፋለሁ። ወንዱ የሚታወቅበትን ያንን የአንገት ላባ እኛ ጋ አንጠብቅ፤ የሚያጌጥበት ወቅትና ቦታ ሌላ ነው።

ተሰዳጆቹን ለመለየት መጀመሪያ የቤቱን ባለቤቶች ማወቅ ይጠቅማል። ጥቁር ቆብ ደፍቶ ጉንጩ የነጣው ስፐር ዊንግድ ላፕዊንግ የማሳው ዘበኛ ነው፤ እሱ ከጮኸ ማሳው በሙሉ ይነሳል። ስለዚህ ስጠጋ የማየው እሱን ነው። አንገቱን ከመዘዘ እቆማለሁ፤ ወደ መልቀሙ ከተመለሰ እቀጥላለሁ። ይሄ ከየትኛውም ውድ ዕቃ ይልቅ አቅርቦኛል። ዕቃዬ ራሱ 8 በ42 ባይኖኩላር፣ ማለትም ስምንት እጥፍ የሚያጎላ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያጎላው በነፋስ እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል። የአዳማን ነፋስ ደግሞ ነጋሪ አያሻም፤ በከተማው ዙሪያ 51 እና 153 ሜጋዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ጣቢያዎች የተተከሉት ለጌጥ አይደለም። ነፋሱ ጥቅምም አለው። ወፎቹ ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አዙረው ስለሚቆሙ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አይቶ ከጎን መቀመጥ ነው፤ ምንቃር፣ እግር፣ ክንፍ ሁሉም ይታያል። ፀሐይዋ ከጀርባ መሆን አለባት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ወርቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ አየሩ ይርገበገብና የስቲንት እግር ጥቁር ይሁን ቢጫ መማል ያስቸግራል።

አሁን ወደ ሰዎቹ። በእኛ አገር ባይኖኩላር ይዞ ማሳ ዳር የቆመ ሰው ቀያሽ ነው፣ ካልሆነም ሌላ ነገር ነው። ግድቡ፣ ፋብሪካውና ድልድዩ ወዳለበት አቅጣጫ መነጽርም ስልክም አላነሳም፤ የተሻለ ወፍ እዚያ ቢያርፍም አላነሳም። የስኳር ልማቱ ማሳ ውስጥ ዘበኛውን ሳልጠይቅ አልገባም። ገበሬው ማሳ ላይ ደግሞ ሰላምታው ይቀድማል፤ በኦሮምኛ «አካም ቡልተን» ብሎ የጀመረና በዝምታ የገባ ሰው እኩል አይስተናገድም።

ቆቃ አካባቢ ሽንኩርት የሚያለሙ አንድ አዛውንት መጀመሪያ ያገኙኝ ጊዜ ፊታቸው ተለዋውጦ ነበር።

«ልጄ፣ ግሪሳ መጣ እንዴ?»

«አይ አባባ፣ እነዚህ ትል ለቃሚዎች ናቸው። ሰብል አይነኩም።»

«ከየት ነው የመጡት ታዲያ?»

«ከሩሲያ፣ ከበረዶው አገር።»

ባይኖኩላሩን ሰጠኋቸው። ማስተካከሉ ትንሽ አስቸገራቸው እንጂ ካዩ በኋላ መመለሱን ረሱት። «እኔ እዚሁ ጭቃችን ውስጥ የተፈለፈሉ ነበር የሚመስሉኝ። ችግኝ ስናዛውር ይመጣሉ፣ ዝናቡ ሲቃረብ ይጠፋሉ» አሉኝ። መጽሐፍ ሳይከፍቱ የስደቱን አቆጣጠር በሽንኩርት ነገሩኝ። ለእውነቱ ራፍ ዘርም ይለቅማል፤ ሽንኩርት ማሳ ላይ ግን የሚወስድባቸው ነገር ስለሌለ ያንን ዝርዝር ለራሴ አስቀረሁት።

ጭቃውን በተመለከተ ጫማ አይቆጠብ። በወንጂና በቆቃ ዙሪያ ቢልሃርዚያ የቆየ በሽታ ነው፤ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ቀስ ብሎ በሚሄድ የቦይ ውሃ ውስጥ ይኖራል። እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦቲ አደርጋለሁ፤ ባዶ እግሬን ውሃ ውስጥ አላስገባም፤ ሌላው ሁሉ እየገባ ቢሆንም። ወባም አለ፤ ምሽት ላይ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ይሻላል። አዋሽና ግድቡ ዳር ጉማሬ አለ፤ ጎህ ሳይቀድ ከውሃው ዳር በሣር መሃል መሄድ ድፍረት አይባልም። ገበሬው ጀርባው ላይ መርጫ ካዘለ ደግሞ ያን ቀን ማሳውን መተው ነው። ወፎቹን ግን ማን ይከለክላቸዋል? የተረጨበትን ትል ሲለቅሙ ቆሞ ማየት ከባድ ነው፤ ስለመርጨቱ ግን ገበሬውን የምወቅስበት አፍ የለኝም፤ የዘሩን ዕዳ የሚከፍለው እሱ ነው።

ክረምት ላይ አዋሽ ሞልቶ ሲወጣ ሌላ ነገር ነው። ማሳው ሐይቅ ይሆናል፤ ወፉ ይመጣል። ሰው ቤቱ ውሃ ገብቶበት ዕቃ ሲያሸሽ እያየሁ ባይኖኩላር አላወጣም። በዚያ ወቅት የምሄደው ሞጆ መስመር ወዳለው ውሃ የተኛበት ጥቁር አፈር ነው፤ ጤፍ ሳይዘራበት በፊት ኮመን ስናይፕ የተባለው ተሰዳጅ ባይኖር እንኳ የእኛው ላፕዊንግና ዝይ አይጠፋም፤ ነሐሴ ካለቀ ደግሞ ሳንድፓይፐሮችም ይገኙበታል።

የምጽፈው በትንሽ ደብተር ነው፤ ቀኑን፣ ማሳውን፣ ምን እንደተተከለበት፣ ውሃ የተለቀቀበትን ቀንና የወፎቹን ብዛት። ማታ ኢበርድ ላይ፣ ወፍ ተመልካቾች ያዩትን በሚመዘግቡበት ድረ ገጽ፣ አስገባዋለሁ። ስለ ውሃው የምጽፈው አምድ ከወፎቹ አምድ ይልቅ ጠቅሞኛል፤ የትኛው ማሳ ስንት ቀን እርጥበት እንደሚይዝ ስለማውቅ ዋልካው ላይ በሦስተኛው ቀንም እሄዳለሁ፣ አሸዋማው ላይ ግን ካላደርኩበት አልደርስም።

አሁን ከእኒያ አዛውንት ጋር ስምምነት አለን። የውሃ ተራቸው ሲደርስ ማታ ይደውላሉ፤ «ዛሬ ሞተር እናስነሳለን፣ ነገ ማልደህ ና» ይሉኛል። በምትኩ እኔ ከሥራ ስወጣ በአዳማ ገበያ በኩል ዞሬ የሽንኩርት ዋጋ ጠይቄ እነግራቸዋለሁ፤ ደላላው የሚነግራቸውን አያምኑም። ያለፈው ጥር ዋጋው ወረደ፤ ነገርኳቸው። ሁለተኛውን መደብ ለነዳጅ አይመልስም ብለው ውሃ ሳያጠጡት ተዉት፤ በሳምንቱ ተሰነጠቀ፣ ዉድ ሳንድፓይፐሮቹም ከቦዩ ማዶ ወዳለው የቲማቲም ማሳ ተሻገሩ። የቲማቲሙን ዋጋ መጠየቅ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።