ጀልባ የተሳለበት ባትሪ መንዝ ላይ

«የሶላሩ ባትሪ ሞቷል፤ አዲስ ይዘህ ና» ብሎ ደወለልኝ፣ ጓሳ አካባቢ የእንግዳ ማረፊያ ያለው ሰውዬ። ታኅሣሥ ነው። አዲስ አልያዝኩም። ሊትየም ባትሪ ሞተ ተብሎ ስሄድ አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት ነው የማገኘው።

ደብረ ብርሃን ይበርዳል እንላለን። ጓሳ ግን ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ጧት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ብሎ ያድራል።

ባትሪው 12.8 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ነው። ለጀልባ የተሠራ ስለሆነ ጎኑ ላይ ጀልባ ተስሎበታል። ለሶላርም ያው ነው፣ ችግር የለውም። ዘበኛው ግን አልተዋጠላቸውም። «ልጄ፣ ይሄ እኮ አገሩ አይደለም» አሉኝ።

ቴስተሬን ሰካሁ፤ ዜሮ ምናምን። ይህን ቁጥር አይቶ ባትሪ የጣለ ስንት ሰው አለ! ውስጡ ቢኤምኤስ የሚባል መቆጣጠሪያ አለ። ሴሎቹ ከልክ በታች ሲወርዱ በሩን ይዘጋል። ቴስተሩ ከበሩ ጀርባ ያለውን አያይም።

ለምን ወረደ ታዲያ? ፓነሉ ጤነኛ ነው። ፍንጩን የሰጡኝ ዘበኛው ናቸው። «ውርጭ ባደረ ቀን ፀሐይ ወጥታም አይሞላም። እኩለ ቀን ካላለፈ እሺ አይልም። መብራቱ ግን ማታ ይበራል» አሉኝ።

ባትሪው ውጭ፣ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ፣ በሰሜኑ ግድግዳ ሥር ነበር። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ያ ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው። ሣጥኑን ስከፍት ክዳኑ ከውስጥ ረጥቧል። ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሩን ባትሪው ላይ ባሳርፈው 1 ዲግሪ።

የዚህ ባትሪ ዓይነት፣ ሊትየም አይረን ፎስፌት፣ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ አይደረግም። ሊትየሙ በሴሉ ውስጥ ባለው ግራፋይት (የካርቦን ዓይነት ነው) ውስጥ መግባት ሲገባው ላዩ ላይ ብረታማ ሽፋን ሆኖ ይለጠፋል፤ ያ ጉዳት አይመለስም። ስለዚህ ጥሩ ቢኤምኤስ ሙላቱን ይከለክልና ከዜሮ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ሲል ይፈቅዳል። መስጠቱን ግን አይከለክልም፤ በብርድም መብራት ያበራል። ማታ ይወጣል፣ ጧት አይገባም። እንዲህ እያለ ከስሮ ተዘጋ።

ወደ ማብሰያው ክፍል አስገባነው። ዘበኛው ፍም የሞላ ምድጃ ይዘው ከተፍ አሉ። «እናሙቀው እንጂ!» «ኧረ አባባ፣ እሳት አያስጠጉበት!» ብዬ መለስኳቸው። በራሱ ጊዜ እስኪሞቅ ቡና ተፈላ። እስከ ሁለተኛው ደረስን።

ከዚያ ጄኔሬተር አስነስቼ የሊትየም ቻርጀሬን ሰካሁ። ብዙ ቻርጀር ዜሮ ሲያይ ባትሪ የለም ብሎ ዝም ይላል። የኔ የተዘጋ ባትሪ መቀስቀሻ ያለው ነው፤ ትንሽ ቆይቶ 11 ቮልት ታየና ቮልቱ ከፍ ማለት ጀመረ።

ሞልቶ ጭነት፣ ማለትም መብራቱንና ሌላውን ዕቃ፣ ስናስገባ ግን መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ። እዚህ ላይ ኢንቨርተሩን፣ የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ የሚቀይረውን፣ የሚፈታ ሰው አይገባኝም። አንዱን የቴስተር ጫፍ የባትሪው ምሰሶ ላይ፣ ሌላውን እዚያው የታሰረው የገመድ ጫፍ ላይ አሳረፍኩ። ዜሮ አካባቢ መሆን ሲገባው ግማሽ ቮልት አነበበ። በእጄ ስነካው ሞቋል። ብሎኑ ላልቷል፤ የመንዝን መንገድ በመኪና ጀርባ ያለፈ ዕቃ ብሎኑ ቢላላ ምን ይገርማል? ፈትቼ፣ አጽድቼ፣ አጠበቅሁት።

ከፓነሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠረው ኮንትሮለርም ለአሲድ ባትሪ ተስተካክሎ ስለነበር ማስተካከያውን ወደ ሊትየም ቀየርኩት።

ባትሪው ማብሰያው ክፍል ውስጥ እንዲቀር ገመዱ መርዘም ነበረበት፤ ሲረዝም ደግሞ መወፈር አለበት። ባለቤቱ የገመዱን ዋጋ ሲሰማ አጉረመረመ። የአዲስ ባትሪ ዋጋ ስነግረው ዝም ብሎ ከፈለ።

አሁን ከመንዝም ሆነ ከጣርማበር «አይሞላም» ተብሎ ሲደወልልኝ ስለ ቮልቱ አልጠይቅም። መጀመሪያ «የትኛው ግድግዳ ሥር ነው?» እላለሁ። ደዋዩ ግራ ይገባዋል፤ ሄዶ ያያል፤ ተመልሶ ይደውላል።