አበባና የድሬ ሙቀት፦ የአንድ ዓመት ከአራት ወር ልምዴ

ቅዳሜ ማታ ቀጥ ብለው የቆሙ ሃያ ጽጌረዳዎች፣ እሑድ ስብከቱ ሳይጋመስ አንገታቸውን ደፉ። አገልግሎቱን የጀመርኩ ሰሞን ነው። ሦስተኛው መደዳ ላይ ተቀምጬ አንድ በአንድ ሲያጎነብሱ እያየሁ፣ ስብከቱን ሳልሰማው ወጣሁ።

ይህን የምጽፈው እንደኔ በየአጥቢያችሁ የመድረክ አበባ ለምታዘጋጁ እህቶችና ወንድሞች ነው፤ በተለይ ቆላ ላላችሁ። ደጋ ያላችሁ የማትቸገሩበት ብዙ ነገር እዚህ ያስቸግራል። እኔ ስጀምር ያሰብኩት ስለ ቀለምና ስለ አደራደር ነበር። ድሬዳዋ ግን መጀመሪያ ያስተማረችኝ ስለ ውሃ ነው።

ከኔ በፊት መድረካችን ላይ የነበረው የፕላስቲክ አበባ ነው። ቀዩ ሮዝ ሆኗል፣ ሮዙ ነጭ ሆኗል። ገናና ፋሲካ ሲደርስ በኦሞ ይታጠባል፣ በሳምንቱ አቧራው ተመልሶ ይለብሰዋል። እሱን ካጠብኩ በኋላ ነው ለሽማግሌዎቻችን «እውነተኛ አበባ እንሞክር» ያልኩት። አንደኛው ሽማግሌ፣ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ «ልጄ፣ ሁለት ቀን ለማይቆይ ነገር በየሳምንቱ ብር እናውጣ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። የሕዝቡ መባ ነው። «ሦስት ወር ስጡኝ፣ ካልሆነ ፕላስቲኩን እመልሰዋለሁ» አልኩ። በወር 2,000 ብር ተፈቀደልኝ።

የመጀመሪያው ወር ብር ከአዲስ አበባ በሚመጣ ጽጌረዳ አለቀ። እዚያ ያለችው እህቴ ሐሙስ ትገዛና ዓርብ በአውቶቡስ ትልክልኛለች። ጽጌረዳ ቅዝቃዜ ይወዳል። ሆለታ፣ ሰበታ፣ ዝዋይ እርሻዎቹ ላይ እንደተቆረጠ ቀዝቃዛ ክፍል ይገባል። የኔ ግን በካርቶን ታሽጎ የአዋሽን ሙቀት ቀን በቀን አቋርጦ ነው ድሬ የሚደርሰው። ከተማችን ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ይደርሳል። መንገድ ላይ ግንዱ ውሃ ሲያጣ አየር ይስባል። በኋላ ባልዲ ውስጥ ብትነክሩት እንኳ አየሩ መንገዱን ስለዘጋው ውሃው አበባው ጋ አይደርስም። አንገቱን የሚደፋው ለዚህ ነው። ይህን ሳላውቅ ከካርቶን እያወጣሁ ቀጥታ ቫዝ ውስጥ እሰካው ነበር።

አሁን ካርቶኑን ጥላ ቦታ እከፍታለሁ። ከግንዱ አጋማሽ በታች ያለውን ቅጠል በሙሉ አራግፋለሁ፣ ውሃ ውስጥ የገባ ቅጠል ይበሰብሳልና። ከዚያ አምስት አምስቱን በአሮጌ ጋዜጣ ጥብቅ አድርጌ እጠቀልላለሁ። ጋዜጣው አንገታቸውን ደግፎ ቀጥ አድርጎ እንዲይዝ ነው። ሳፋ ሙሉ ውሃ አጠገቤ አለ። የግንዱን ጫፍ እዚያ ውስጥ ነክሬ፣ ውሃው ስር እንዳለ፣ ሁለት ጣት ያህል በሰያፍ እቆርጣለሁ። እንደተቆረጠ መጀመሪያ የሚስበው ውሃ ይሆናል። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ ያለበት ረጅም ባልዲ ውስጥ ከነጋዜጣው እስከ አንገቱ አቆመዋለሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አልነካውም።

መጀመሪያ የሞከርኩት ቀን፣ ርጥቡን ጋዜጣ ስፈታ የጽሑፉ ቀለም አውራ ጣቴ ላይ ቀረ። ከሃያው አሥራ ሰባቱ ቀና ብለዋል። አዳራሹ ውስጥ ለብቻዬ ነበርኩ፣ ጮክ ብዬ «ተመስገን» አልኩ።

ውሃችንን ደግሞ የድሬ ሰው ያውቀዋል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። ያው ነጭ ነገር የመስታወት ቫዞቼ ላይ ቀለበት ይሠራ ነበር። በጨርቅ አይለቅም፣ በኦሞ አይለቅም። አቼቶ አፍስሼ አሳደርኩት፣ ጠዋት ላይ በእጄ ለቀቀ። ለአበባው የምሰጠው ውሃ ላይ ደግሞ ለአንድ ሊትር ሁለት የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ እጨምራለሁ። ውሃው ትንሽ ኮምጠጥ ሲል ግንዱ በቀላሉ ይስበዋል። ስኳር ጨምሩ የሚል ምክርም ሰምቼ ሞክሬ ነበር። በኛ ሙቀት እሑድ ጠዋት ውሃው ደፍርሶ፣ ግንዱ ሙልጭልጭ ብሎ አገኘሁት። ተውኩት። ባልዲዎቹን በየሳምንቱ በበረኪና አጥባለሁ። እባካችሁ በረኪናና አቼቶ በአንድ ላይ አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። በተለያየ ቀን፣ በደንብ እያለቀለቃችሁ ነው።

ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ጫት ከምትሸጥ ጎረቤቴ ነው። እኔ ጫት አልነካም፣ ቤተ ክርስቲያናችንም አይደግፈውም። ግን ከአወዳይ ተቆርጦ የመጣን ቅጠል በዚህ ሙቀት ለምለም አድርገው እስከ ማታ የሚያቆዩት እነዚህ ሴቶች ናቸው። ቅጠል እንዴት እንደሚደርቅ ከነሱ በላይ የሚያውቅ አላየሁም። አንድ ቀን በረንዳዬ ላይ ባልዲ ደርድሬ ስታየኝ፣ «አንቺ! መንከር ብቻ ምን ያደርጋል፣ ሸፍኚው እንጂ አቦ» አለችኝ። የራሷን እስር ፈታ አሳየችኝ። ቅርብ ያለው የሙዝ ቅጠል ነው፣ በላዩ ርጥብ ጆንያ። «ወላሂ ከፀሐዩ ንፋሱ ይብሳል» አለች።

ንፋስ ስትል የመድረካችን ቬንቲሌተር ትዝ አለኝ። ልክ ምስባኩ አናት ላይ ይሽከረከራል። ሰባኪያችን ያለሱ አይችሉም። ለካ እኔ ቫዙን ከስሩ አስቀምጬ ሙሉ ፕሮግራም አበባውን ሳደርቀው ኖሯል። በማግስቱ ሄጄ ቬንቲሌተሩን አስነሳሁና ቀጭን ፌስታል በእጄ ይዤ መድረኩን ዞርኩ። ፌስታሉ የሚወዛወዝበትን ቦታ በሙሉ በቾክ ምልክት አደረግሁ። ፀጥ ያለበት ጥግ ከምስባኩ በስተግራ ሁለት እርምጃ ያህል ነው። ቫዙ ከዚያ ወዲህ እዚያ ነው የሚቀመጥ። በዚህ ለውጥ ብቻ አበባው እስከ ማክሰኞ መቆየት ጀመረ። ቅዳሜ ማታ ደርድሬ ስጨርስም ርጥብ አቡጀዴ ከላይ አለብሰዋለሁ፣ እሑድ ጠዋት ጸሎት ሳይጀመር እገፈዋለሁ። የናንተን መድረክ በፌስታል ሞክሩት፣ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ሦስተኛው ወር ላይ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ቀነስኩ። ደጃችን ያለውን ማየት ጀመርኩ ማለት ይሻላል። ከዚራ ሰፈር ስትሄዱ ከግቢዎቹ አጥር ላይ የሚፈሰው ቡገንቪላ አለ፤ ወይን ጠጅ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ። በር አንኳኩቼ የለመንኳቸው አንዲት ሙስሊም እናት፣ ለቤተ ክርስቲያን እንደሆነ ስነግራቸው መቀሱን ራሳቸው አመጡልኝ። «ውሰጂ፣ ሲቆረጥ ይበረታል» አሉ። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ በሩ ለኔ ክፍት ነው። ሻይ ሳልጠጣ አልወጣም።

ቡገንቪላ ግን ቶሎ ይጠወልጋል ብላችሁ እንዳትተዉት። ዘዴ አለው። አበባ የሚመስለን ቀለም ያለው ነገር በእውነቱ ቅጠል ነው፤ አበባው መሐሉ ላይ ያለችው ትንሿ ነጭ ቱቦ ናት። አረንጓዴው ቅጠል ሳይነሳ ከቀረ ውሃውን ይጨርስበታል። ስለዚህ አረንጓዴውን አንድ ሳላስቀር እለቅማለሁ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ እሾሁም ይወጋል፣ ከአንድ ቅርንጫፍ ላይ አርባና ሃምሳ ቅጠል ይወጣል። ሲያልቅ ግን ቀለሙ ብቻ ይቀራል፣ ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ያበራል። ከለቀምኩት ወዲህ ያለ ችግር እሑድን ያልፋል።

በሌላው የአገራችን ክፍል «ድሬዳዋ ዛፍ» የሚሉት ቀዩ አበባ ደግሞ ስሙ የኛ ሆኖ ለቫዝ አይሆንም፣ ወዲያው ይረግፋል። ክንድ የሚያህለው ደረቅ ፍሬው ግን ጥቁር ቡናማ ነው፣ ጀርባ ላይ ሲቆም ለሌላው አበባ ቁመት ይሰጣል። ሂቢስከስም አንድ ቀን ውሎ ስለሚዘጋ አልነካውም። ሐረር የሚሄድ ሰው ካገኘሁ ዳሊያ አስመጣለሁ። ሐረር ከኛ በ700 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሩ ይስማማዋል፣ መንገዱም 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

የአበባ ስፖንጅም ትቻለሁ። በኛ ሙቀት ቶሎ ይደርቃል፣ አንዴ ከደረቀ ደግሞ ተመልሶ ውሃ አይጠጣም። የዶሮ ቤት ሽቦ በእጄ ጨምድጄ ሸክላ ገንቦ ውስጥ እከታለሁ። ግንዱ በቀዳዳዎቹ ገብቶ ውሃው ውስጥ ይቆማል። ያው ሽቦ ዓመት ሙሉ ሠርቶልኛል።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ብቻ። ደርድራችሁ ስትጨርሱ ሄዳችሁ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። የመድረካችን መጋረጃ ደማቅ ሰማያዊ ነው፤ ቅርብ ሆኜ የወደድኩት ጥቁር ቀይ ጽጌረዳ ከኋላ ሲታይ ጉድጓድ ይመስል ነበር። ነጭና ቢጫ ከሩቅ ይታያሉ። ኋላ የሚቀመጡት አብዛኞቹ ሽማግሌ እናቶች ናቸው፣ እነሱም እንዲያዩት እፈልጋለሁ።

የጎዱኝን ስህተቶችም ልንገራችሁ። ካርኔሽኖቼን አንድ ቅዳሜ ወንድማችን ጁስ ቤት ጓዳ፣ የበሰለ ማንጎና ሙዝ ካርቶን አጠገብ አሳደርኩ። ጠዋት አበባዎቹ ወደ ውስጥ ተጨማደው ጠበቁኝ። የሚበስል ፍራፍሬ የሚያወጣው ጋዝ አበባን ያስረጃል፣ ካርኔሽን ደግሞ ከሁሉም በላይ አይችለውም። ሌላው የባሰ ነበር። ገንቦውን ከኪቦርዱ አጠገብ አስቀመጥኩ፤ ከኳየሩ አንዱ በእግሩ ነካው፣ ውሃው የኤሌክትሪክ ገመዱ ላይ ፈሰሰ። ሰው አልተጎዳም። ኪቦርዱ ግን ሁለት እሑድ ዝም አለ። ልጁ ይቅርታ ሲጠይቀኝ ያፈርኩት እኔ ነኝ፣ ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነበርኩና። አሁን ገመድ ባለበት በኩል ደረቅ ፍሬና ዘንባባ እንጂ ውሃ ያለው ነገር አላስቀምጥም።

ሦስት ወሩ ሲያልቅ ስለ ብሩ የጠየቁኝ አባት መጥተው ምንም አላሉም። በሚቀጥለው ዓርብ ከግቢያቸው ሁለት ዘንባባ ቆርጠው በባጃጅ ላኩልኝ። እስከ ዛሬ ይልካሉ። ከ2,000 ብሩም ግማሹ ይተርፋል።

እሑድ ከፕሮግራም በኋላ አበባውን እበትነዋለሁ። በትንንሽ እስር እያደረግን ሕመምተኛ ጠያቂዎቹ ይዘውት ይሄዳሉ። አንዲት አልጋ ላይ የዋሉ እናት ቡገንቪላውን ሲያዩ «የማን ግቢ ነው?» ብለው ጠየቁ። ስነግራቸው የልጅነት ጎረቤታቸው ሆነው ተገኙ። ስልክ ደውዬ አገናኘኋቸው። በሐረርኛም በኦሮምኛም በአማርኛም እየቀላቀሉ ግማሽ ሰዓት አወሩ፤ አበባው ጭናቸው ላይ ነበር።

ሰኞ ሰኞ የቫዙን ውሃ አልደፋም። ከቤተ ክርስቲያናችን አጥር ስር ከዚያው ግቢ ያመጣኋቸውን አምስት የቡገንቪላ ቁራጮች ተክያለሁ። ሦስቱ ቅጠል አውጥተዋል። ሁለቱን ገና እየጠበቅኩ ነው፤ ግንዳቸውን በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ውስጡ አሁንም አረንጓዴ ነው።