ገመዱን ማን ያየዋል? በጀልባ ውስጥ የኖርኩባቸው ስድስት ዓመታት

ወደ ባሕር ዳር ከተመለስኩ ወዲህ ስለ አሜሪካ የሚጠይቁኝ ሰዎች ስለ ደመወዙና ስለ ብርዱ እንድነግራቸው ይጠብቃሉ። እኔ ግን ከስደት ዘመኔ ስድስቱን ዓመት፣ ማለትም ከ2006 እስከ 2012 ዓ.ም. ያለውን፣ ያሳለፍኩት በሲያትል ከተማ ዩኒየን በሚባል ሐይቅ ላይ፣ ዘጠኝ ሜትር በምትረዝም ባለ ሸራ ጀልባ ውስጥ ስለሆነ ወሬዬ ሁሉ ወደ ገመድ፣ ወደ ቱቦና ወደ ባትሪ ይሄዳል።

ወደ ጀልባዋ ያስገባኝ የቤት ኪራይ ነው። በሌሊት ፈረቃ የመኪና ማቆሚያ እየጠበቅሁ ከማገኘው ገንዘብ ግማሹ ለአንዲት ጠባብ ክፍል ይሄድ ነበር፤ ከቀረው ላይ ለእናቴ መደጎሚያና ለታናሽ እኅቴ ትምህርት ከላክሁ በኋላ ለራሴ የሚተርፈኝ እምብዛም አልነበረም። አብሮኝ የሚሠራ አንድ አዛውንት፣ ዕድሜዋ ሠላሳ ዓመት ያለፈ የፋይበርግላስ ጀልባ ከዓመት ኪራዬ ባነሰ ዋጋ እንደምትሸጥ ነገረኝና አይቼ ገዛኋት። ይሁን እንጂ ጀልባ መግዛት ሌላ፣ ጀልባ ውስጥ ማደር ሌላ ነው። በዚያ ያሉት ብዙዎቹ የጀልባ ማቆሚያዎች በጀልባቸው ውስጥ የሚኖሩ ሰዎችን ቁጥር ስለሚገድቡ ፈቃድ እስካገኝ ድረስ ስምንት ወር ተራ ጠብቄያለሁ።

ለእናቴ ከአንድ ዓመት በላይ አልነገርኳትም። ሽምብጥ በሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር ተወልዳ ጣና ዳር ለኖረች፣ ውኃ የወሰደውን ሰው ሬሳ ፍለጋ ጎረቤት ሁሉ ወደ ዳር ሲወጣ ስታይ ላደገች እናት፣ ልጅሽ ውኃ ላይ ያድራል ብሎ መንገር ቀላል አይደለም። በ2007 ዓ.ም. የእኅቴ ልጅ በስልኩ ምስላችን እየታየ እንድንነጋገር ሲያገናኘን ግን ነፋስ የበዛበት ምሽት ስለነበር ከራሴ በላይ የተንጠለጠለው ፋኖስ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። እናቴ ፊቴን ትታ እሱን ስታይ ቆየችና «አንተ ልጅ፣ ያ መብራት ለምንድን ነው የሚወዛወዘው?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ መደበቅ አልቻልኩም። ሁሉንም ስነግራት ዝም ብላ አዳመጠችኝ፤ ታለቅሳለች ብዬ ስፈራ የመጣው ጥያቄዋ አንድ ነበር፦ «ገመዱን ማን ያየዋል?» እኔ ነኝ የማየው ስላት «እንግዲያው ሳታየው እንዳትተኛ» ብላ ሌላ ጨዋታ ጀመረች። ስለ ጀልባ ከብዙ ሰው ምክር ተቀብያለሁ፤ ከዚህ የሚበልጥ ግን አላገኘሁም።

ገመድ የሚበጠሰው በሚታሽበት ቦታ ነው። ጀልባዋ ታስራ በቆመችበት ቦታ እንኳ ቀንና ሌሊት ስለምትንቀሳቀስ ገመዱ ከጠርዙ ጋር የሚነካካበት ያች አንዲት ስንዝር ቀስ በቀስ ትላጣለች። እዚያ ላይ ቁራጭ ቆዳ ወይም ያረጀ የእሳት አደጋ ውኃ ቱቦ ጠቅልሎ ማሰር፣ በየጥቂት ወሩም ገመዱን ትንሽ ገፋ አድርጎ የሚታሽበትን ቦታ መለወጥ ዕድሜውን ያራዝመዋል። ከሥራ ስመለስ ልብሴን ሳልለውጥ አራቱንም ገመዶች በእጄ እዳብስ ነበር። ቀጥሎ የወለሉን ሳንቃ አንሥቼ የጀልባዋን ሆድ በባትሪ መብራት አያለሁ፤ ከዚያም የባትሪዎቹን ቮልቴጅ እመለከታለሁ። ያለ ሥራ ያረፈ ባትሪ 12.7 ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.1 አካባቢ ከወረደ ግማሹ አልቋል፤ ከዚያ በታች እያወረዱ መጠቀም ደግሞ ባትሪውን ለሞት ያፋጥነዋል። ይህ ሁሉ ከዐሥር ደቂቃ አይበልጥም፤ ግን አንድ ቀን መዝለል አይቻልም።

በሲያትል ክረምት ያስቸገረኝ ትልቁ ጠላት ከውጭ የሚመጣው ዝናብ ሳይሆን ከራሴ የሚወጣው እርጥበት ነበር። ሰው ሲተነፍስ፣ ሽሮ ሲያንተከትክ፣ ፎጣ ሲያሰጣ የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ጠብታ ሆኖ ይወርዳል። እናቴ የላከችልኝን ጋቢ ከጀልባዋ ጎን ጋር በተያያዘው ቁም ሣጥን ውስጥ አጣጥፌ አስቀምጬው በጥር ሳወጣው ከግድግዳው ጋር የተነካካው እጥፋት በጥቁር ነጠብጣብ ተሞልቶ አገኘሁት። ሦስት ጊዜ አጥቤው አለቀቀም። ዛሬም እለብሰዋለሁ፤ ነጠብጣቡም አብሮ አለ። ከዚያ በኋላ ፍራሼን በየጠዋቱ አቁሜ አናፍሰው ጀመር፤ ከሥሩም አየር የሚያሳልፍ የእንጨት ርብራብ ሠራሁለት፤ ብርዱ ምንም ቢሆን አንድ መስኮት በጣት ያህል ክፍት አድርጌ አድር ነበር።

እሳትም የራሱ ጥንቃቄ አለው። በዝግ ክፍል የገባ የከሰል ጭስ ሰውን በእንቅልፉ እንደሚወስድ አገራችን ላይ በየክረምቱ የምንሰማው ነውና በጀልባዬ ውስጥ ከሰል አንድ ቀን አልነደደም፤ ለናፍታ ማሞቂያዬ ስልም ያንን መርዝ አየር ለይቶ የሚጮህ መሣሪያ ከአልጋዬ ራስጌ ሰቅዬ ነበር። የሲሊንደር ጋዝ ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ካመለጠ እንደ ውኃ ወደ ጀልባዋ ሆድ ወርዶ ይጠራቀማል፤ እዚያ ያለ አንዲት የኤሌክትሪክ ብልጭታ ታፈነዳዋለች። ስለዚህ ምድጃውን ብቻ ሳይሆን ሲሊንደሩን ራሱን መዝጋት እንደ ጸሎት የማይታለፍ ልማድ ሆነብኝ። የእንጀራ ምጣድና የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አንድ ላይ ቢበሩ የጀልባዋ መብራት መስመር ስለማይችላቸው እንጀራ ከሐበሻ ሱቅ እገዛ ነበር። ቡና ግን አልተውኩም። ከማቶቱ ሥር እርጥብ ጨርቅ ሳነጥፍ ጀበናዋ በማዕበል እንኳ አትንሸራተትም ነበር።

በኅዳር 2008 ዓ.ም. አንድ ጠዋት ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ ጀልባዬ ከጎኗ ውኃ ስትተፋ ከሩቅ አየኋት። በሆዷ ውስጥ ያለው ፓምፕ ውኃ ሲሞላ በራሱ የሚነሣ ነው፤ ሌላ ጊዜ በሳምንት አንዴ ቢነሣ ነው፤ ያን ዕለት ግን ቆሜ ስቆጥር በየሦስት ደቂቃው ይተፋ ነበር። ባሕር ላይ ያሉ ሰዎች እንዲህ ሲገጥማቸው ውኃውን በጣታቸው ይቀምሱታል፤ ጨው ካለው ከባሕር የገባ ነው፤ ከሌለው የዝናብ ወይም የመጠጥ ውኃ ማጠራቀሚያቸው አፍስሷል። ዩኒየን ሐይቅ ግን እንደ ጣና ጨው አልባ ውኃ የያዘ ስለሆነ መቅመስ ምንም አልነገረኝም። ማጠራቀሚያውን ባለፈው ቀን ስለሞላሁት ከፍቼ አየሁት፤ እንደሞላ ነበር። እንግዲህ የሚገባው ሐይቁ ራሱ ነው ማለት ነው። ሳንቃዎቹን ሁሉ አንሥቼ፣ በሆዴ ተኝቼ፣ እጄን ከሞተሩ ጀርባ ሰድጄ ስዳብስ ሞተሩን ለማቀዝቀዝ ውኃ ከሐይቁ በሚያመጣው ቱቦ ዙሪያ ቀዝቃዛ ፍሳሽ አገኘሁ። ቱቦውን አንቆ የያዘው ፋሸታ ተበጥሷል። ቀበቶው የማይዝግ ብረት ሲሆን ማጥበቂያዋ ብሎን ግን ተራ ብረት ነበረችና ውስጥ ውስጡን ዝጋ አልቃለች። ቫልቩን ልዘጋ ስል ደግሞ ለወራት ስላልተነካ አልዞር አለኝ፤ በሁለት እጄ፣ መላ ሰውነቴን ጥዬበት ነው የተዘጋው።

ከውኃው ወለል ግማሽ ሜትር ዝቅ ብሎ የተከፈተ፣ ስፋቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ በደቂቃ ከ50 ሊትር በላይ ያስገባል። ያን ዕለት የመብራት መስመሩ ተቋርጦ ባትሪው ቢደክም ኖሮ ያለኝ ንብረት ሁሉ ከሐይቁ ወለል ላይ ያድር ነበር። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ቱቦ በሁለት ፋሸታ አሠርሁ፤ ቫልቮቹን በየወሩ መጀመሪያ እከፍትና እዘጋ ነበር፤ ከየቫልቩ ጎንም ቀዳዳውን የሚመጥን የለስላሳ እንጨት ውታፍ በሲባጎ አንጠለጠልሁ። ማንኛውንም ጥገና በአማርኛ፣ በእኛው ቀን አቆጣጠር የምጽፍበት ደብተርም የጀመርኩት በዚያ ሳምንት ነው።

ስለ ብረት የተማርኩት ግን ዘግይቶ ነው። ውኃ ውስጥ ያሉ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ሲገናኙ ደካማው እየተበላ ያልቃል፤ ስለዚህ ጀልባዋን በውኃ ውስጥ እየዞረ የሚገፋት ፕሮፔለር እንዳይበላ በአጠገቡ ሌላ ብረት መሥዋዕት ሆኖ እንዲያልቅ ይታሠራል። ለጨው ውኃ ዚንክ ጥሩ ነው፤ በጨው አልባ ውኃ ግን ዚንኩ ቅርፊት አበጅቶ ሥራውን ስለሚያቆም ማግኒዝየም ያስፈልጋል። የቀድሞው ባለቤት ጀልባዋን ያቆማት ከባሕሩ ነበር። ወደ ሐይቁ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1917 በተከፈተው፣ ጀልባዎችን ውኃ በመሙላትና በማጉደል ከባሕር ወደ ሐይቅ በሚያሸጋግረው የባላርድ የውኃ በር በኩል ነው። የጨው ውኃ ለምዶ የመጣው ዚንክ እንደታሠረ ቀረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጀልባዋ ከውኃ ወጥታ ሳያት ዚንኩ ነጭ ቅርፊት ለብሶ ሙሉ ለሙሉ አለ፤ ፕሮፔለሩ ግን ቢጫነቱ ጠፍቶ ወደ ሐምራዊ ቅላት ተለውጧል፤ በካቻቢቴ እጀታ ሳንኳኳውም እንደ ደወል መጮኹ ቀርቶ እንደ ሸክላ ደፍ አለ። ከግማሽ ወር ደመወዝ በላይ አስወጥቶኛል።

በ2012 ዓ.ም. ጀልባዋን ለሁለት ወጣት ባልና ሚስት ሸጬ አገሬ ገባሁ። አሁን የአክስቴ ልጅ ወደ ደብረ ማርያምና ወደ ዘጌ ሰው የሚያመላልስበትን ጀልባ አብሬው እጠግናለሁ። ከዚያ ያመጣሁት ሁሉ ለጣና እንደማይሆን ቶሎ ተረዳሁ። ዩኒየን ሐይቅ ከፍታው በበሮቹ ስለሚጠበቅ በዓመት ከ60 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይለዋወጥም፤ ጣና ግን ከክረምት በኋላ ሞልቶ በሰኔ ሲጎድል ልዩነቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል። በመስከረም በልኩ የታሠረ ገመድ በግንቦት ጀልባውን ድንጋይ ላይ ያስቀምጠዋል። ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል ሞተር ከኃይሉ ከአምስት እጅ አንድ እጅ የሚጠጋውን ያጣል፤ ባለሞተሩ ሞተሩ ታሟል ብሎ ነዳጅ ይጨምርበታል እንጂ ለከፍታው የሚስማማ ፕሮፔለር አይፈልግለትም። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ የታየው እምቦጭም የሞተሩን ውኃ መሳቢያ ይደፍናል፤ ወደ ደንቢያና ፎገራ ወገን የሚሄድ ሰው የማቀዝቀዣው ውኃ እየወጣ መሆኑን በየመንገዱ ዞር ብሎ ማየት አለበት። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ መሐል ሐይቅ ላይ የቆመ ሞተር ቀልድ አይደለም።

ባለፈው ሰኔ ጀልባውን ወደ ዳር አውጥተን የወለሉን ሳንቃ ስናነሣ ሆዱ ውስጥ ጥቁር ዘይት የተቀላቀለበት ውኃ ተጠራቅሞ አገኘን። የአክስቴ ልጅ እንደ ልማዱ በባልዲ ወደ ሐይቁ ሊደፋው ሲል ሃያ እርምጃ ባልሞላ ርቀት ላይ ሴቶች ውኃ ይቀዱ ነበር። እጁን ያዝኩት። በጀሪካን ቀድተን አንድ ሌሊት አሳደርነው፤ ዘይቱ ሲንሳፈፍ በጣሳ ቀድተን አንሥተን ወደ ጋራዥ ወሰድነው። ይህ ለማንም ጀልባ ነጂ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ የምንጠጣው ውኃ ስለሆነም ሁላችንም እንድናደርገው ከልቤ እለምናለሁ።

በልጅነቱ ከዘጌ ማገዶ ሐይቅ ዳር ከሚበቅለው ደንገል በተሠራ ታንኳ ጭኖ ባሕር ዳር ገበያ ያመጣ የነበረው አጎቴ ሥራችንን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲያይ ዋለ። «ጋሼ፣ ታንኳው እንዲህ ያለ ጣጣ ነበረው?» አልኩት። «ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ማታ አውጥተህ ካላቆምከው በሳምንቱ እንደ ግንድ ይከብድሃል» አለኝ። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ታንኳውን ከግንብ ጋር አስደግፈን ስናቆመው ከጭራው የሚንዠቀዠቀው ለብ ያለ ውኃ እግሬ ላይ ይፈስስ ነበር፤ የረጠበ ደንገል ሽታውም እስከ ማታ ከእጄ አይለቅም ነበር።

የሲያትሉን ደብተር ለገዢዎቹ ሰጥቼ መጥቻለሁ። ለአክስቴ ልጅ ግን አዲስ ገዛሁለት፤ በዚያው ማታ የመጀመሪያውን ገጽ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ሰኔ 14። ሦስት ፋሸታ ተቀየረ። ሆዱ ደረቀ። የግራው ገመድ ጫፉ ተልጧል፤ ይታይ።» በማግሥቱ ጠዋት ስወርድ ገመዱ ተቀይሮ አገኘሁት።