የካቻቪቴው ጥያቄ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ በብየዳ ቤቴ አብሮኝ የሚሠራው ወጣት የበር ማጠፊያ እያሰረ ሳለ፣ «ጋሼ፣ ካቻቪቴ የማን አገር ቃል ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የጣልያን እንደሆነ ነገርኩት። ብረት ማሰሪያው ሞርሳም፣ ላሜራውም፣ ፒንሳውም ከዚያው እንደመጡ ስጨምርለት ሳቀና «ታዲያ የእኛ የትኛው ነው?» አለኝ። «መዶሻው» ብዬ አለፍኩት፤ ይሁን እንጂ ሙቀቱ በረድ ብሎ በረንዳዬ ላይ እስከተቀመጥኩበት እስከዚህ ሰዓት ድረስ ጥያቄው ከአእምሮዬ አልወጣም።

ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር። ዳገቱ ለሥራ አስቸጋሪ፣ ወጪውም ከባድ ሆኖ በመገኘቱ መስመሩ ከተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ እንዲያልፍ ተደረገ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስም «አዲስ ሐረር» የተባለችው ይህች ከተማ፣ ድሬዳዋ፣ ተቆረቆረች። ሜዳው ባዶ አልነበረም፣ ኦሮሞውና ሶማሌው ከብቱን የሚያሰማራበት ምድር ነበር። ከሐዲዱ ጋር ግን ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱና የመኑ፣ ከመሀል አገርም ሥራ ፈላጊው ሁሉ ተከትሎ መጣ። ዛሬ ስለ እነርሱ ሲወራ የሚነሣው የከዚራ ሰፈር ቀጥ ያለ መንገድና የዛፉ ጥላ ነው፤ ለሠርግ ፎቶግራፍ የሚመች ነገር ቶሎ ይታወሳል።

እኔን ግን የሚያስታውሰኝ ሞረድ ነው። የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበረውን አባቴን ብረት ያስተማረው፣ ወላጆቹ ከኦቶማን ቱርክ እልቂት ሸሽተው የመጡ አንድ አርመናዊ ነበር። ሰውዬው ተማሪውን ወደ ማሽን ከማስጠጋቱ በፊት አንድ ቁራጭ ብረት ሰጥቶ፣ በእጁ ሞርዶ አራት ማዕዘን እንዲያደርገው ያዝዘው ነበር። ከዚያም የማዕዘን መለኪያውን ስኳድራ በብረቱ ላይ አስደግፎ ወደ ብርሃን ያነሣዋል፤ በመካከላቸው የፀጉር ያህል ብርሃን ከሾለከ ብረቱ ወደ ሞርሳው ይመለሳል። አባቴ ይህን እየረገመ ለሳምንታት እንደሠራና በኋላ ግን በዕድሜው ሁሉ እንዳመሰገነው ይነግረኝ ነበር። እኔንም ያስተማረኝ በዚሁ መንገድ ነው፣ እርግማኑም አልቀረልኝም።

ሌላው የማስበው በቀፊራ ገበያ አቅራቢያ ፈጢራ ይጋግር የነበረውን፣ እኛ ልጆች «አሚ» የምንለውን የመናዊ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ከወሰደ በኋላ፣ በማግስቱ ያለ ዱቤ ደብተር ዳቦ ሲያድል አይቼዋለሁ። ደብተሩ የት እንደገባ የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ እርሱም በኋላ ሲያነሣው አልሰማሁም። አሚ የተወለደው እዚሁ ነው፣ እናቱ የዚሁ አገር ሰው ነበረች፣ ኦሮምኛውና ሶማሊኛውም ከእኔ የተሻለ ነበር። ሆኖም አዋቂዎቹ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ «አረቡ» ነበር የሚሉት፤ ለቀብሩ የወጣን ዕለት እንኳ እኔው ራሴ ለደንበኛዬ «አረቡ ሞቶ ነው የዘጋሁት» ብያለሁ። ክፋት አልነበረበትም፤ ቢሆንም ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ወደዚህ ወጣት ልመለስ። ከሀዲያ የተነሣው ወደ ጅቡቲ ለመሻገር ነበር፤ ገንዘቡ እዚህ ሲያልቅበት በቀን ሥራ ተቀጠረ፣ ከዚያም ደጃፌ ላይ ቆሞ ሥራ ጠየቀኝ። ስምንት ወር ሆኖታል። ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ቤት የሚሠሩ የአገሩ ልጆች በሩንና መስኮቱን ከእኔ የሚያሠሩት በእርሱ ምክንያት ነው፤ ያለ እርሱ የዘንድሮው ኪራይ ይከብደኝ ነበር። ጎረቤቶቼ ግን አሁንም «ያ የመጣው ልጅ» ይሉታል፤ እኔም እንዲሁ ስለው መቆየቴን ዛሬ ነው ያስተዋልኩት።

ማታ ልንዘጋ ስንል፣ ከሰኞ ጀምሮ ሲሞርድ የከረመውን ብረት ይዞ ወደ በሩ ሄደ። ስኳድራውን አስጠግቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ብርሃኑ አየው። በአንደኛው ጥግ ሾልኳል። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ብረቱን ሞርሳው ላይ መልሶ አሰረው።