ሮዙ የት ሄደ?

የምሠራው ሰማይ በሚሥሉ አንድ ሠዓሊ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ሸራ መወጠር፣ ፎቶ መደርደርና ከደንበኛ ጋር መነጋገር የእኔ ድርሻ ነው። ጋሼ (ሁላችንም እንዲህ ነው የምንጠራቸው) ይራመዳሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ይሥላሉ።

አንድ ጊዜ አንዲት ሐኪም መጣች። ለክሊኒኳ መጠበቂያ ክፍል ትልቅ የምሽት ሰማይ እንዲሣልላት ፈለገች። የፈለገችው አንድ ምሽት ከሥራ ስትወጣ አይታ በስልኳ ያነሳችውን ያንኑ ሰማይ ነው። ፎቶውን ላከችልን፤ ቀብድም ከፈለች። ሥራውን የያዘው ወጣቱ ባልደረባዬ ነበር። እጁ በጣም ጎበዝ ነው። ፎቶውን በትልቁ አሳትሞ አጠገቡ ሰቀለና እያንዳንዱን ደመና በልኩ ሠራው።

ልትረከብ የመጣች ቀን ሸራው ፊት ቆማ ቆየች። ከዚያ «በጣም ቆንጆ ነው፤ ግን ያ ሰማይ አይደለም። ሮዙ የት ሄደ?» አለች።

ባልደረባዬ ፊቱ ተለዋወጠ። «እህቴ፣ ፎቶው እኮ የእርስዎ ነው! እስቲ የቱ ጋ ነው ሮዝ ያለው?»

እውነቱን ነው፤ ፎቶው ላይ ሮዝ አልነበረም። ብርቱካናማ አለ፣ ፀሐይዋ አካባቢ ነጥቶ የቀረ ቦታ አለ፣ ከታች ደግሞ የጠቆረ መሬት። እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። «እኔ ግን አይቻለሁ» አለች።

እንዲህ ያለው ክርክር ብዙ ጊዜ በሁለት መንገድ ያልቃል። ወይ ደንበኛው ሳይዋጥለት ይዞት ይሄዳል፣ ወይ ሠዓሊው ተናዶ የተባለውን ቀለም ጣል ጣል ያደርግበታል። ሁለቱም ያሳዝኑኛል። ሰው በዓይኑ ያየውን «አላየህም» ማለት ደግሞ ከሁሉም ይከፋል።

ጋሼ ከውስጥ ሆነው ይሰሙ ነበር። ብቅ አሉና በመስኮት ወደ ውጭ አዩ። ፀሐይ ልትጠልቅ ትንሽ ነው የቀራት። «ኑ፣ እንውጣ» አሉ።

ዙሪያው ገላጣ የሆነ ከፍ ያለ ቦታ ድረስ በእግር ሄድን። አራታችንም ወደ ምዕራብ ዞረን ቆምን። ፀሐይ ጠለቀች፤ ብርቱካናማው መጣ። ከሱ በላይ ብጫው ከሰማያዊው በሚገናኝበት ቦታ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነገርም ይታይ ነበር። ሮዝ ግን የለም። ባልደረባዬ ገልመጥ አድርጎ አየኝ። ጋሼ ጥቂት ደቂቃ ጠበቁና «አሁን ወደ ኋላ ዙሩ» አሉን።

ምሥራቁ ላይ ሰፊ ሮዝ ተዘርግቷል! ከሥሩ፣ አድማሱን ተከትሎ፣ ግራጫ የቀላቀለ ጥቁር ሰማያዊ ንጣፍ ተኝቷል። ሐኪሟ «ይሄው! ይሄው እኮ ነው!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ትዝ አላት። ያን ምሽት ፎቶውን አንስታ ስልኳን ከከተተች በኋላ መኪናዋን ለመክፈት ዞራ ነበር። ሮዙን ያየችው ያኔ ነው።

ይህ የሰማይ ክፍል ስም አለው፤ የቬኑስ መቀነት ይባላል። ሥሩ ያለው ጥቁር ሰማያዊ የምድራችን የራሷ ጥላ ነው፤ በአየሩ ላይ ያርፋል። ሮዙ የሚመጣው ደግሞ አየሩን ረጅም መንገድ አቋርጦ የቀላው የፀሐይ ብርሃን ከጥላው በላይ ያለውን አየር መትቶ ወደ እኛ ሲመለስ ነው። ፀሐይ ይበልጥ እየወረደች ስትሄድ ጥላው ከፍ ይላል፤ ሮዙም ፈዞ ይጠፋል። ምሥራቁ ጥርት ካላለ አይታይም። አብዛኛው ሰው ደግሞ በዚያ ሰዓት ፊቱን ወደ ፀሐይ ስለሚያዞር ሳያየው ያልፋል። እኔ ራሴ ይህን ያህል ጊዜ ከሰማይ ሥዕል ጋር ስውል በዚህ ልክ አስተውዬው አላውቅም ነበር።

ስንመለስ ጋሼ ስለ ካሜራ ለባልደረባዬ ብዙ ነገሩት። ስልክ ቀለምን ራሱ ማረም ይወዳል። ነጩ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲወጣ ሲሞክር የምሽቱን ሙቅ ቀለም ሊቀንሰው ይችላል። ብርሃኑን ለመሬቱ ከለካ ሰማዩ ይነጣል፤ ለሰማዩ ከለካ መሬቱ ይጠቁራል። ዓይን ግን ከአንዱ ወደ አንዱ እየተዘዋወረ ሁለቱንም ያያል። ስለዚህ እሳቸው ዋይት ባላንሱን (ካሜራው ቀለም የሚያርምበትን ቅንብር) በቀን ብርሃን ላይ ያስሩታል፤ የብርሃን መጠኑን ደግሞ በጣም በሚያበራው ደመና ይለካሉ። ከፎቶው የሚወስዱት የደመናውን ቅርጽ ነው። ቀለሙን እዚያው ቆመው ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ፤ ለምሳሌ «ከላይ ኮባልት፣ ወደ አድማሱ ሲወርድ ሴሩሊያንና ብዙ ነጭ» ብለው፤ ኮባልትና ሴሩሊያን የሰማያዊ ቀለም ዓይነቶች ናቸው። አብሮ ሰዓቱ፣ ነፋሱና ፊታቸውን ያዞሩበት አቅጣጫ ይሰፍራል።

የዚህ ልማድ አባት ለእሳቸው ጆን ኮንስታብል ነው። እንግሊዛዊው ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1821 እና በ1822 ሃምፕስቴድ በሚባለው ከፍታ ላይ ደጅ ቆሞ ደመና ይሥል ነበር። ከብዙዎቹ ጀርባ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነፋሱን አቅጣጫ ጽፏል። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም ያን ወረቀት ገልብጦ የሚያይ ሰው ያ ሰማይ የየትኛው ሰዓት እንደነበረ ያውቃል። ይህ ነገር ሁሌም ልቤን ይነካዋል።

የተጠናቀቀውን ሸራ ምን እናድርገው የሚለው ቀረ። ባልደረባዬ ምዕራቡ ላይ ሮዝ ልጨምርበት ብሎ ነበር፤ ጋሼ አጥብቀው ከለከሉት። በምትኩ ሁለተኛ ሸራ ተወጠረ፤ እሱ ላይ ምሥራቁ ብቻ። ሂሳቡን ከሐኪሟ ጋር የተነጋገርኩት እኔ ነኝ። የሸራውንና የቀለሙን ከፈለች፤ የእጅ ዋጋውን ስቱዲዮው ተወላት። ባልደረባዬ ከሷ ጋር በተደጋጋሚ እየወጣ የሮዙን ልክ እዚያው አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን የሥዕል ቀለም) እየበጠበጠ ፈለገ። አክሪሊክ ሲደርቅ ጠቆር ስለሚል ትንንሽ ናሙና እያደረቀ ነበር የሚያሳያት። «ይሄኛው» ያለችውን ነው የሠራው።

ሁለቱ ሸራዎች መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ፊት ለፊት ተሰቅለዋል፤ አንዱ የምዕራብ፣ ሌላው የምሥራቅ ግድግዳ ላይ። እኔም የትዕዛዝ መቀበያ ቅጻችን ላይ አንድ ጥያቄ ጨምሬያለሁ፦ «ፎቶውን ካነሱ በኋላ በሌላ በኩል ያዩት ቀለም ነበር?» ብዙዎች እዚያ ጋ ሲደርሱ ብዕራቸውን አስቀምጠው ማውራት ይጀምራሉ።